በአራተኛና በሦስተኛ ፎቅ መካከል

ይህ የሆነው ገርጂ ውስጥ፣ ባለ ሰባት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጅቷል። ይህን ያህል አስረግጬ የምናገረው የሕንፃው ጥበቃ ደረጀ መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት በደብተር የሚመዘግብ ሰው ስለሆነ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ግማሽ ቀን ነበር እላችኋለሁ።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከእናቴ ጋር እየኖርኩ፣ ኢምፔሪያል አካባቢ ባለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ እሠራ ነበር። ትምህርቴን ያቆምኩት ከአሥረኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ብቻዬን ነው። እንግሊዝኛን ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት፣ የመጽሐፍ ቅንብርን ደንበኛ በሌለበት ሰዓት በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ተማርኩ። ብቻውን የተማረ ሰው፣ ስህተት ቢገኝበት ‹‹ድሮም አልተማረም›› እንዳይባል ይፈራል። እኔም በዚህ ፍርሃት የተነሳ ነገር አጣሪ ሆንኩ። ለለቅሶ ማስታወቂያ የመጣን ሰው የሟችን የአያት ስም ሁለት ጊዜ ሳላስደግም አልጽፍም ነበር። የሱቁ ባለቤት፣ ‹‹አንተ እኮ መርማሪ ፖሊስ ነበር መሆን የነበረብህ›› ይለኛል። እኔ እንደ ሙገሳ እወስደው ነበር።

አቶ ግዛውን የተዋወቅኋቸው እዚሁ ሱቅ ነው። የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ህንድ አገር ተራራ ላይ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ከተላኩ ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። የዚያ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር አላቸው፤ ማኅበሩ ከተመሠረተ ስልሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ታሪኩን በመጽሐፍ ሊያሳትሙ ስላሰቡ፣ ከመሥራቾቹም በሕይወት የቀሩት ሁለት ብቻ ስለሆኑ፣ ለአቶ ግዛው ከህንድ ደብዳቤ መጣላቸው። ስለ መጀመሪያው ስብሰባ የሚያስታውሱትን ሁሉ እንዲጽፉ ይጠይቃል። ዓይናቸው ስለደከመ፣ እሳቸው ሲያወሩ የሚጽፍላቸው ሰው ፈለጉ። እኔ ሆንኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤታቸው እሄድ ጀመር። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው እትዬ ሰብለ ቅዳሜም ሥራ ስለምትገባ ቤቱ የእኔና የእሳቸው ነበር። ስለ ተራራው ብርድ ነገሩኝ፣ ስለ ማደሪያው ደወል ነገሩኝ፣ በርበሬ ናፍቋቸው ስላለቀሱባት ሌሊት ሳይቀር ነገሩኝ። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ስንደርስ ግን ወሬ ይለውጣሉ። ነገሩ አልጣመኝም። የማኅበሩ የመጀመሪያ ጸሐፊ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ የጻፉትም እሳቸው ናቸው፤ ግልባጩ ከደብዳቤው ጋር መጥቷል፣ ፊርማቸው አለበት። ‹‹የተገኙ፦ አሥራ ሁለት›› ይላል። አብሮት የመጣው የዕለቱ ፎቶግራፍ ላይ ግን ጃንጥላ የያዙ ልጆችን ብቆጥር ብቆጥር አሥራ አንድ ናቸው። ከሥሩ ከተዘረዘሩት ስሞችም ግዛው የሚባል የለም።

በስድስተኛው ቅዳሜ ይህን ሳላጣራ ላልመለስ ወስኜ ሄድኩ።

ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም። ስልኬ የቀረው ባትሪ ሲሶ አይሞላም፤ ቢሆንም ድምፅ መቅጃውን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ አቶ ግዛው የስኳር በሽታ መርፌያቸውን አመጡና ሸሚዛቸውን ገለጥ አድርገው ሆዳቸው ላይ ወጉ።

‹‹ይቺን ከወጋሁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መብላት አለብኝ›› አሉኝ። ‹‹አለዚያ ስኳሬ ይወርዳል። ስኳሩ ባይገድለኝ ሰብለ ትገድለኛለች።››

ሳቅሁ። ሰምቻቸዋለሁ፤ አልሰማሁም ብዬ ላመካኝ አልችልም።

‹‹ኮትዎን ቢያወልቁልኝ ጋሼ፤ ደረትዎ ላይ ያለውን የማኅበሩን ዓርማ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ፎቶ ላንሳው›› አልኳቸው። አወለቁልኝ። ፎቶውን አራት ጊዜ አነሳሁት፤ ሦስቱ ጥላ ነበረባቸው። ከዚያ የአሥራ አንዱንና የአሥራ ሁለቱን ነገር አነሳሁ።

‹‹አንተ ልጅ ምሳ አትበላም እንዴ?›› አሉኝ።

‹‹ይቺን ብቻ እንጨርስ ጋሼ።››

ይህን ቃል ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መብራት መጣ። አቶ ግዛው ብድግ አሉ።

‹‹ምድጃው እስኪግል አልጠብቅም። ተመልሶ ሳይሄድ በሊፍቱ እንውረድና ሥር ያለው ምግብ ቤት ጥብስ ልጋብዝህ። ምናልባት አፍህ ሥራ ሲይዝ ጥያቄው ይቀንስ ይሆናል።››

ስልኬን አንስቼ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። መቅጃው እንደበራ ነው። ኮታቸው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ስልካቸው በአንድ ኪሱ፣ ከረሜላቸው በሌላው ኪሱ ውስጥ ነበር።

ሊፍቱ አንድ ጊዜ ነቀነቀንና ቆመ። ጨለመ።

መጀመሪያ ላይ አልፈራሁም። አቶ ግዛውም አልደነገጡም፤ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የስልኬን መብራት አበራሁና በሩን ደበደብኩ። ከላይ የእግር ኮቴ ተሰማ።

‹‹ማነው ውስጥ ያለው?›› የደረጀ ድምፅ ነው።

‹‹ጋሽ ግዛውና እኔ ነን።››

‹‹የጽሑፉ ልጅ? አይዞህ። አራተኛና ሦስተኛ መካከል ናችሁ። አሁን ይመጣል፤ ትናንትም ሃያ ደቂቃ ነው የቆየው።››

‹‹ደረጀ›› አሉ አቶ ግዛው ከተቀመጡበት፣ ‹‹የትናንቱን ደብተርህ ላይ ያየሁት ሁለት ሰዓት ይላል።››

‹‹እርስዎን ላለማስፈራት ብዬ ነው እኮ ጋሼ። ጀነሬተሩም ናፍጣ የለውም፤ ይኼንንም አልነግርዎትም ነበር።››

ተሳሳቅን። ደረጀ የሊፍት ሠራተኛ ሊጠራ ወረደ።  ብቻችንን ስንቀር ነው አቶ ግዛው ራሳቸው ወሬውን የጀመሩት።

‹‹እንግዲህ እዚህ ማንም አይሰማንም። ስትጨቀጭቀኝ የከረምከውን ልንገርህ። በዚያ ስብሰባ ላይ ምን እንደተባለ አላውቅም።››

‹‹ረስተውት ነው?››

‹‹አልረሳሁም። አልሰማሁም።››

 እሳቸው ቀጠሉ።

‹‹ጆሮ ደግፍ ይዞኝ ነበር። ፊቴ ዱባ አክሎ የሕሙማን ክፍል ዘግተውብኛል። የመጨረሻ ዓመታችን ነው፤ በነጋታው ሁሉም ወደየአገሩ ይበተናል። ቶማስ የሚባል የአልጋ ጎረቤት ነበረኝ፣ እዚያው ህንድ ደቡብ የተወለደ። ‹ግዛው ከሌለ አልሰበሰብም› ብሎ አስቸገረና ሁሉንም ነድቶ መስኮቴ ሥር አመጣቸው። ዝናብ ነው። መስታወቱን መክፈት ክልክል ነው። ስለዚህ እኔ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ነው የማየው። እጅ ሲያወጡ አወጣለሁ። ሲያወርዱ አወርዳለሁ።››

‹‹አሥራ ሁለተኛው እርስዎ ነዎት ማለት ነው።››

‹‹ቆይ፣ አልጨረስኩም። አንድ ጊዜ ቶማስ ከመነጽሩ ላይ ውሃ ሊጠርግ እጁን አነሳ። እኔ ድምፅ የሚሰጡ መስሎኝ አነሳሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝና አጨበጨቡ። ለካ ‹ጸሐፊ መሆን የሚፈልግ ማነው› ተብሎ ኖሯል።››

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ሳቃቸው ረዘመ፤ እኔ ከጨረስኩ በኋላም ቀጠለ።

‹‹ቃለ ጉባኤውስ?›› አልኩ።

‹‹ከራሴ ጻፍኩት። ምን ላድርግ? ጸሐፊ ነኝ፣ ስብሰባውን አልሰማሁም። ‹እያንዳንዱ አባል ያለበትን በዓመት አንድ ጊዜ ይጻፍ፣ ደብዳቤውም ከአንዱ ወደ አንዱ ይዙር› ብዬ ጻፍኩና ለአሥራ አንዱም ላክሁ። እንዲህ አላልንም ያለኝ የለም። እያንዳንዱ የረሳው እሱ መስሎት ይሆናል። ይኸው ያን ደብዳቤ ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲያዞሩ አሉ። በየበዓሉም ‹መሥራቾቻችን እንደወሰኑት› እያሉ ያነቡታል። ለሰብለ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።››

እዚህ ላይ ብዋሽ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። በስልኬ ብርሃን አይቼዋለሁ። ሊፍቱ ስለሞቀ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እኔን ግን አላላበኝም። ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር። እሱንም አይቻለሁ። ግን ስድስት ሳምንት የጠበቅሁት ነገር እየተነገረ ነው፤ ካቋረጥኳቸው ተመልሰው የማይናገሩት መሰለኝ። እስኪጨርሱ ተውኳቸው። ከጨረሱም በኋላ ጠየቅኋቸው።

ስልኬ ጠፋ። ባትሪው አለቀ። ጨለማው ሲመጣ የትንፋሻቸውን ድምፅ ሰማሁ፤ አጭርና ፈጣን ነበር።

‹‹ቶማስ›› አሉኝ፣ በእንግሊዝኛ። ‹‹መስኮቱን ክፈተው።››

‹‹ጋሼ፣ እኔ ነኝ።››

‹‹እየዘነበባችሁ ነው። ግቡ።››

እጃቸውን በዳበሳ ፈልጌ ያዝኩት። እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። ጎተት ሳደርጋቸው ወደ ጎን ዘንበል ብለው ትከሻዬ ላይ ወደቁ። ያኔ ነው ፍርሃት የሚባለውን ያወቅሁት።  መርፌ ወግተዋል፣ አልበሉም። ሰዓቱን ለማስላት ሞከርኩ፤ ሁልጊዜ የሚታዘዘኝ ቁጥር አልታዘዝ አለኝ።

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩ። ደረጀ እየሮጠ ወጣ።

‹‹ጋሼ ራሳቸውን እየሳቱ ነው›› አልኩ። ‹‹ክፈትልን።››

‹‹የበሩ ቁልፍ ያለው ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ጎሮ ለቅሶ ሄዷል። ስልኩን አያነሳም። ሠራተኛው እየመጣ ነው፤ የትራፊክ መብራቱ ስለጠፋ ኢምፔሪያል ጋ ተዘግቶበታል።››

‹‹እትዬ ሰብለ ጋ ደውል።››

‹‹ቁጥሯን ንገረኝ።››

ቁጥሯ ያለው ስልኬ ውስጥ ነው። ስልኬን የገደለው ቀረጻው ነው።

‹‹ስኳር ስጠኝ›› አልኩት። ‹‹ከየትም ብለህ ስኳር አምጣ።››

 ደረጀ በቀስታ፣ ‹‹ወንድሜ፣ ጋሼ እኮ የስኳር በሽተኛ ናቸው። ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት። ልትገድላቸው ነው?›› አለኝ።

 እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ከሰው የሰማሁት፣ የሆነ ቦታ ያነበብኩት፣ ሁሉም ተደባለቀብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳላጣራ አንዲት ቃል ያልጻፍኩ ሰው፣ አሁን የማጣራበት መዝገበ ቃላት የለኝም፣ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ከተሳሳትኩ የሚሞቱት እሳቸው ናቸው። ትከሻዬ ላይ ያለው ራስ ከበደኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ይመስለኛል፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ከኮታቸው ኪስ ከረሜላ አውጥተው አፋቸው ውስጥ ሲጨምሩ፣ ‹‹ሲወርድብኝ ይቺ ናት መድኃኒቴ›› ማለታቸው ትዝ አለኝ።

‹‹ደረጀ፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። አምጣ።››

ሮጦ ወረደ። እኔ የውስጠኛውን በር በጣቶቼ ፈልቅቄ ለያየሁት። ፊት ለፊቴ ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ነው። ከግንባሬ ከፍ ብሎ የአራተኛው ፎቅ በር ግርጌ አለ። ደረጀ ብረት ይዞ ተመለሰና በዚያ በር መገጣጠሚያ ውስጥ ሰክቶ አጣመመው። ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተከፈተ። ትንሽ የቀን ብርሃን ገባ። አቶ ግዛውን ያየሁት በዚያ ብርሃን ነው። ዓይናቸው ግማሽ ተከድኗል፣ ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

‹‹ያዝ፣ ያዝ›› አለ ደረጀ። በር ላይ ሻይ ከምትሸጠው ሴት የወሰደውን ስኳር በፌስታል ጠቅልሎ በክፍተቱ ወረወረልኝ።

ውሃ ልሰጣቸው ፈራሁ፤ ቢያንቃቸውስ? ጣቴን በምራቄ አርሼ ስኳሩ ውስጥ ነከርኩና ጉንጫቸው ውስጥ፣ ድዳቸው ላይ አሸሁት። ምንም የለም። ደገምኩ። ምንም የለም። ደረጀ ከላይ፣ ‹‹ምን አሉ? ምን አሉ?›› ይለኛል። አልመለስኩለትም። እናቴ የምትጸልየውን ጸሎት ጀመርኩና መሀሉ ጠፋኝ፤ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ እንደገና ጠፋኝ። ስንት ጊዜ ጣቴን ስኳር ውስጥ እንደነከርኩ አላውቅም። በሕይወቴ ያልቆጠርኩት ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ከዚያ ነከሱኝ። ጣቴን፣ ጠንከር አድርገው። እንደዚያ ንክሻ ያስደሰተኝ ነገር የለም።

ጥቂት ቆይተው፣ ‹‹አፌ ውስጥ ምንድነው?›› አሉ፣ በአማርኛ።

‹‹ስኳር ነው ጋሼ።››

‹‹ሻዩስ?››

ደረጀ ከላይ ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ አልለየሁትም።

መብራቱ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ መጣ። ሊፍቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀስ ብሎ ወረደና ተከፈተ። ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሞቹ መረመሯቸው፣ ምግብ አብልተው እስከ ማታ አቆዩአቸው። እትዬ ሰብለ ስትደርስ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ ‹‹ኮቱን ማን አስወለቀው?›› ብላ ነው። ‹‹እኔ ነኝ›› አልኩ። ምሳ ማስቆየቴንም ነገርኳት። ላቡን አይቼ ዝም ማለቴን ግን አልነገርኳትም። እሷም አቅፋኝ አመሰገነችኝ፤ አባቷን ያዳንኩ እኔ እንደሆንኩ ደረጀ ነግሯታል። ያ ምስጋና እስካሁን ይከብደኛል።

ቀረጻውን ለማዳመጥ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ስልኬ ከመጥፋቱ በፊት ያለው ሁሉ ተቀምጧል። ታሪኩ አለ፣ ሳቁ አለ። ከሳቁ በኋላ፣ ቃለ ጉባኤው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ትንሽ ዝምታ አለ። ከዚያ አቶ ግዛው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ‹‹ልጄ፣ ከረሜላ ይዘሃል?›› ይላሉ።

የእኔ ድምፅ ወዲያው ይመልሳል። ‹‹አልያዝኩም። ያኔ ያነሱት እጅ ግራው ነው ቀኙ?››

እዚያ ላይ ያልቃል።

አንባቢዬ ሆይ፣ እመነኝ፣ ይህን ጥያቄ እንደጠየቅሁ አላስታውስም ነበር። ከረሜላ እንደጠየቁኝም አላስታውስም። ሰው ሞትን እየተጠጋ በቃል እርዳታ ሲጠይቀኝ፣ ጆሮዬ ሰምቶ፣ አፌ መልሶ፣ እኔ አልነበርኩም። ሊፍቱ ውስጥ ከነበረው ፍርሃት የበለጠ የፈራሁት ያን ማታ፣ አራብሳ አልጋዬ ላይ ተኝቼ፣ የገዛ ድምፄን ስሰማ ነው። ድምፁ ክፉ አልነበረም። ትሑት፣ ጨዋ፣ ጥንቁቅ ድምፅ ነበር። ስትጠነቀቁ ሰው አትበድሉም ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ እኔም እንደ እናንተ አስብ ነበር። ዛሬ ሽማግሌ አጠገብ ስቀመጥ እስክሪብቶዬን ከማውጣቴ በፊት ፊታቸውን አያለሁ። ብዙ ጊዜ ምንም የለም። ቢሆንም አያለሁ።

ቀረጻውን ላጠፋው ነበር። ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነበረ። በቀጣዩ ቅዳሜ ግን ይዤው ሄድኩ። እትዬ ሰብለ ፈቃድ ወስዳ ቤት ነበረች፤ ምሳ እየቀረበ ነው። ለሁለቱም አሰማኋቸው፤ ላቡን ማየቴንም ተናገርኩ። እትዬ ሰብለ ምንም ሳትለኝ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ልክ ናት። 

‹‹ታሪኩን እንዳለ ጻፈው›› አሉ አቶ ግዛው። ‹‹እኔም አልሰማሁም ማለት ከብዶኝ ነው ስልሳ ዓመት የዋሸሁት። አንተ በሳምንትህ መጣህ።››

 እትዬ ሰብለ ሦስት ሳህን ይዛ ተመለሰች። ሦስት መሆኑን ቆጠርኩ። አቶ ግዛው መርፌያቸውን ወጉና ሸሚዛቸውን እየቆለፉ ወደ እኔ ዞር አሉ።

‹‹ግራውን ነው›› አሉ። ‹‹በቀኜ ያበጠ ጉንጬን ይዤ ነበር።››

ደብተሩ ፊቴ ተከፍቶ ነበር። አልጻፍኩትም። እንጀራውን ወደ እሳቸው አስጠጋሁና የመጀመሪያውን ጉርሻ እስኪውጡ ጠበቅሁ።